ከመጨረሻው የሚነበብ መስመር

ካርቶኑ ቀላል ነበር። የፕሪንተር ቀለም የያዘ የቶነር ካርቶን እንደዚህ ቀላል አይሆንም።

መርፌ ይሄን ያወቀችው ገና ከሰውየው እጅ ስትቀበለው ነው። ግን ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም። ስምንት ወር ሙሉ ምንም ሳታሳይ የኖረች ልጅ አሁን በአንድ ካርቶን ልትበላሽ? ኧረ በጭራሽ።

«ፈርሚልኝ» አላት ሰውየው።

ፈረመች። የራሷን ፊርማ አይደለም በርግጥ። እዚህ ህንጻ ውስጥ የራሷ የሆነ ነገር የላትም፤ ስሙም፣ መታወቂያውም፣ ያ አስቀያሚ ቡናማ ሹራብ ሳይቀር የላኳት ሰዎች ያለበሷት ነው።

«ዛሬ ነው» አለ፣ ከንፈሩን እንኳን በቅጡ ሳያንቀሳቅስ። «መስመሩ ውስጡ አለ። እንዳለ ጻፊው። አንድ ፊደል እንዳትቀይሪ።»

«ከዛስ?»

«ዝርዝሩን አጥፊና ውጪ። ውጪ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቅሻለሁ።»

ለህንጻው ሰው ሁሉ እሱ ቶነር ሻጭ ነው። ለሷ ግን «አጎቴ» ነው። የምስጢር ስሙ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም፣ ግን በቃ፣ ከአጎትም በላይ ነው። ለዚህ ሥራ የመለመላት እሱ፣ «መርፌ» ያላት እሱ፣ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ በዓለም ላይ ያለ አንድ ሰው እሱ። የላኳትን ሰዎች የምታገኝበት ስልክ እንኳን አንድ ብቻ ነው፤ የሱ።

አሳንሰሩ ውስጥ ገባ። በሩ ተዘጋ። ከላይ ቁጥሩ ሲቀያየር አየችው። ሦስት። አራት። አምስት።

መንገዱ ያለው ወደ ታች ነው እኮ።

አየችው፣ ግን አለፈችው። ላይም ቶነር የሚፈልግ ይኖራል አለች በልቧ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አንዳንዴ አይቶ ያልፋል፣ በኋላ ፀጉሩን ሊነጭ።

ዝርዝሩ ምን መሰላችሁ፣ የአርባ አንድ ሰው ስም ነው። ይሄ ህንጻ በስውር የሚሠራውን ሥራ ለነመርፌ በድብቅ የነገሩ አርባ አንድ ሰዎች፤ ስማቸው፣ ቤታቸው፣ ልጆቻቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሳይቀር ተጽፏል። ቅጂ የለውም። ያለበት ዲስክ ከዘጠኝ ቀን በፊት ከነመርፌ ካዝና ተሰርቆ ወጣና እዚህ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰርቨር ላይ ተገጠመ። የህንጻው ዳይሬክተር እስካሁን አላነበበውም። ለምን? መርፌ አታውቅም። የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መክፈት አቅቷቸዋል፣ ሳይችሉ በፊት ቅደሚያቸው።

መቅደም ደግሞ ለሷ ቀላል ነበር፣ ምክንያቱም እዚህ የተቀጠረችው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆና ነው። ሰው ሁሉ «ተበላሸብኝ» ሲላት «አጥፍተህ አብራው» ስለምትል ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ። «አጥፍተህ-አብራው ናት፣ ክፈቱላት» ይላሉ። ትስቃለች። ስድብ አይደለም፣ ፍቅር ነው።

እውነተኛው የሰርቨሩ ጌታ ግን ጋሼ ናቸው። የመነጽራቸውን እጀታ በክር ያሰሩ፣ ግራ ጉልበታቸው የማይታዘዛቸው ሽማግሌ። የምታውቀውን ሁሉ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከመጡ ስምንት ቀን ሆኗቸዋል። ታመዋል ተባለ።

እና አሁን በጣም የሚያስቀው ነገር፤ የህንጻው በር ሁሉ የሚታዘዘው ለዚህ አንድ ሰርቨር ነው። ሲጠፋ በሩ ሁሉ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ይሄ የዳይሬክተሩ ትእዛዝ ነው። ሲነሳ ደግሞ ቁልፎቹ ይሠሩ እንደሆነ ለመፈተሽ፣ አምስተኛ ፎቅ ካለው የዳይሬክተሩ ቢሮ እስከ ምድር ቤቱ እቃ ቤት፣ ሁሉም ለሃያ ሰከንድ ይከፈታል። ይሄኛው የጋሼ ደግነት ነው። በነዚያ ሃያ ሰከንዶች ካርድ የለም፣ ማን ወጣ ማን ገባ የሚመዘግብ የለም። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ፣ ሠራተኛው ሁሉ ኩባያውን ይዞ በር ስር ቆሞ «ሃያዋን» ይጠብቃል፤ ሻይ ቤት ለመሮጥ። አንዴ ሊወጣ ሲል በሩ ጃኬቱን የያዘበት የፎቶኮፒ ሠራተኛ ዛሬም ድረስ «ሃያ አንድ» ነው የሚባለው። ጋሼ ራሳቸው ግን ወጥተው አያውቁም። «ሃያዋ ለኔ ጉልበት አትበቃም» ይላሉ።

ዛሬ ሰኞ ነው። አራት ሰዓት።

መርፌ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ገባች። መስኮት የለውም። አራት እርምጃ በሦስት። ሪስታርት አለችው፣ ከኋላዋ የብረቱ በር ቀጭ አለ። በየፎቁም ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ስክሪኑ ላይ ቆጠራው መጣ። አምስት፣ አራት...

ቁልፉን ተጫነች። ቆመ። ፓስወርድ ጠየቃት። ይሄን ፓስወርድ የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ጋሼና እሷ። ከሁለት ወር በፊት በጆሮዋ ነው የነገሯት። «እግሬ ቢሰበር ማን ያስነሳዋል፣ ልጄ» ብለው።

መስመሩ ወጣ። ማሽኑ ሳይነቃ በፊት የሚያነበው የትእዛዝ መስመር ነው፤ እንዴት እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደማይጠይቅ። ጋሼ ሲያስረዷት «ሰው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ በጆሮው እንደምትነግሪው ማለት ነው፤ ያልሽውን አምኖ ይነሳል» ብለዋታል። እዚህ በእጅ የተጻፈ ነገር የሚሠራው ደግሞ ለአንድ መነሳት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ማሽኑ ምንም አያስታውስም። እና አንድ ሕግ አላቸው፣ የማይጣስ ሕግ። ኢንተር ከመጫንሽ በፊት መስመሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ቃል በቃል አንብቢ። አንድ ትእዛዝ ሁለቴ ከተጻፈ ማሽኑ የሚሰማው የመጨረሻውን ነዋ።

መርፌ የአጎቴን ወረቀት ዘርግታ ገለበጠችው። ሳትቀይር። ሳትዘል።

ከኋላ አነበበችው? አላነበበችውም። አጎቴ ነው እኮ የሰጣት።

ኢንተር።

ስክሪኑ ጨለመ።

ጠበቀች። ፓስወርድ ሳይጠይቅ፣ በሮቹንም ሳይከፍት፣ በቀጥታ መነሳትና ትእዛዟን መጠበቅ ነበረበት። ኪቦርዱን ነካካች። ምንም። ሃያ ሰከንድ። ሠላሳ። ከበሩ ማዶ፣ በየክፍላቸው በር ስር፣ ኩባያ የያዙት ሰዎች ሃያዋ ምን ነካት እያሉ ሲያጉረመርሙ ይሰማታል።

ከዛ አየችው። የዲስኩ መብራት።

ብልጭ። ብልጭ ብልጭ።

ማሽኑ ነቅቷል። የሆነ ሰው እየሠራበት ነው። እሷ ግን አይደለችም።

ወረቀቱን አነሳችና ከመጨረሻው ማንበብ ጀመረች። ገና የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው የቆመችው። ኮንሶል። ማሽኑ ፊቱን ወደ የት እንደሚያዞር የሚነግረው ቃል ነው። መስመሩ ላይ ሁለቴ ተጽፏል፣ መሀል ላይ «ወደ ስክሪን»፣ መጨረሻ ላይ «ወደ ገመድ»። ከሰርቨሩ ጀርባ ሁሌ አቧራ ለብሶ የሚንጠለጠል አንድ ግራጫ ገመድ አለ፤ በኮርኒሱ አልፎ ወደ ላይ የሚሄድ። ዛሬ አቧራ የለውም።

ሦስት። አራት። አምስት።

የኃይል ቁልፉን ተጫነችና ያዘችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መብራቱ ጠፋ። ማራገቢያዎቹ ቀስ ብለው ቆሙ። ጆሮ የሚያሳክክ ዝምታ።

የግድግዳው ስልክ ጮኸ።

«ለምን አጠፋሽው?» አለ አጎቴ።

ማጥፋቷን ለማንም አልተናገረችም። በተዘጋ በር ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል።

«ማን ነገረህ?» አለችው።

እሱ ተነፈሰ፣ እንደደከመው ሰው።

«ስሚኝ መርፌ። መልሰሽ አስነሺውና ያንኑ መስመር ጻፊ። ገና አንድ ስም እንኳን አላየንም።»

«ጋሼ የት ናቸው?»

«ምድር ቤት። እቃ ቤት። ዝርዝሩን እንዳየ ቆለፈብን፣ ስምንት ቀን ሙሉ ፓስወርዱን ረሳሁት እያለ ያሾፍብናል። አንቺ እንደምታውቂው አልነገረንም። እሱን እንኳን አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

እውነቱን ነው። በሪፖርቷ ላይ ጽፋዋለች። ደስ ብሏት፣ እንደ ጉራ። *ሽማግሌው አምኖኛል፣ ፓስወርዱን ሰጥቶኛል።*

ከካርቶኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጋሼ ሰላይ አይደሉም፣ ምንም አይደሉም። የማያውቋቸውን ልጆች ትምህርት ቤት ስም አይተው ቆለፉት፣ በቃ።

«ከዚህ የትም አትሄጂም» አለ አጎቴ። «ጠባቂዎቹ ግራይንደር ይዘዋል። የደረጃውን በር ይቆርጣሉ፣ ከዛ ያንቺን። ብትወጪስ? ስምሽን የማውቀው እኔ ነኝ። የእናትሽንም ቤት።»

ስልኩን ሰቀለችው።

ግድግዳው የቀረበ መሰላት። አየሩ ሞቀ። አስቡት፣ ማሽኑ በደንቡ እስካልተነሳ ድረስ ማንም ሊደርስባት አይችልም፣ እሷም መውጣት አትችልም። ከተነሳ ደግሞ ትወጣለች፣ እነሱም ይደርሱባታል። ያሰራት በር ራሱ ነው የሚጠብቃት።

ከሩቅ፣ ከደረጃው በኩል፣ ብረት ሲቆረጥ ተሰማ።

ተነሳች።

አበራችው። ፓስወርድ። መስመሩ። አሁን የራሷን ጻፈች። ሳትጠይቅ፣ በሮቹንም ሳትከፍት ተነስ። ኮንሶል ወደ ስክሪን፣ እሱም መጨረሻ ላይ። ከኋላ አነበበችው፣ ጣቷን እያስኬደች፣ ቃል በቃል፣ ግራይንደሩ እያፏጨ።

ኢንተር።

ነጭ ፊደል መጣ፣ እሷው ስክሪን ላይ። ዝርዝሩን አገኘችው። እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ከፈተችው። አርባ አንድ ስም። የሷ የለበትም። የሷ ስም ያለው አጎቴ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚያጠፋ ትእዛዝ የለም።

አጠፋችው። በላዩ ላይ ዜሮ ጻፈችበት፣ ደግማ ጻፈችበት፣ ሠለሰችው።

አርባ አንዱ ሰው ዛሬም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያመጣል። ምን እንደነበረ ሳያውቅ።

አሁን መውጣት። ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳችው፣ በደንቡ፣ በሮቹን እንዲከፍት። መስመሩ ላይ አንዲት ቁጥር አለች፣ የበሩ ፕሮግራም የሚያነባት። ሃያ።

ሃያዋ ለኔ ጉልበት አትበቃም።

ለሷ ሃያ ይበቃታል፤ ወጣቷ፣ ሯጯ። በሃያ ሰከንድ ጠባቂዎቹ ግማሽ ኮሪደር አይሄዱም። ቁጥሩን ካበዛችው ግን ለነሱም ነው የምታበዛው።

ሃያን ሰርዛ ሦስት መቶ ጻፈች። ከኋላ አነበበች። ኢንተር።

ቡናማውን ሹራብ አውልቃ ከሰርቨሩ ኋላ ወረወረችው። ካርቶኑን አንስታ እስከ አገጯ አቀፈችው።

ቀጭ።

ህንጻው በሙሉ ተከፈተ። ስልሳ ሰው ኩባያውን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ፈሰሰ። ሦስት ጠባቂዎች ከተቆረጠው በር በኩል ወደ ውስጥ ሊገቡ ይገፋሉ፣ ሻይ የተጠማ ሰው ግን ማንን ይሰማል? አንደኛው ጠባቂ «ቡናማ ሹራብ፣ ቡናማ ሹራብ» ይላል። መርፌ በክንዱ ስር አለፈች። ካርቶኗ ደረቱን ነካው።

አላያትም።

ከጎኗ ሃያ አንድ ነበር። ዛሬ ሃያዋ ረዘመች እኮ፣ በሩ አልተዘጋም፣ እያለ ዞር ዞር ይላል።

«ዝም ብለህ ውረድ» አለችው።

ውጪ ፀሐይ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ካለ ሱቅ ስልክ ደወለች። እናቷ ገና ድምጿን ስትሰማ በልተሻል ወይ ብላ ጀመረች።

«እማ፣ አሁኑኑ እህትሽ ጋ ሂጂ። ምንም አትያዢ። ወደዛ ቤት አትመለሺ።»

እናቷ ግን፣ አንቺስ መቼ ትመጫለሽ አለች።

መርፌ ስልኩን ዘጋችው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሰልፉ ውስጥ ገባች። አራት ደቂቃ። አራት ተኩል። የምድር ቤቱ በር ላይ ዓይኗን ተክላ፣ ሳትተነፍስ።

ወጡ። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ ፂማቸው አድጎ፣ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ። ማንም አላያቸውም፤ ሁሉም ሻይ ቤት ነው። መንገዱን ተሻግረው ሰልፉ ውስጥ ከኋላዋ ቆሙ። ሁለቱም ወደፊት ነው የሚያዩት።

«ከኋላ አነበብሽው?» አሉ ጋሼ፣ በሹክሹክታ።

«መጀመሪያ አላነበብኩትም። በኋላ አነበብኩት።»

«ስንት አልሽው?»

«ሦስት መቶ።»

ሳቅ የመሰለ ትንፋሽ ሰማች። «ለኔ ሁለት መቶ ሰማንያ ፈጀብኝ። ጎበዝ ልጅ።» መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ «አሁን ማን ልበልሽ? ያ ስም ያንቺ እንዳልነበረ ገባኝ።»

«ምንም አይበሉኝ ጋሼ። ይሻላል።»

አውቶቡሱ መጣ። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ላይ ደገፈቻቸው። እሷ ግን አልተሳፈረችም። በሩ ሲዘጋ በመስኮቱ በኩል ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከመጨረሻው እንደሚያነብ ሰው፣ አስኬዱላት።

ከመንገዱ ማዶ የህንጻው በሮች አንድ በአንድ ቀጭ ቀጭ ብለው ተዘግተዋል። በሚቀጥለው ሰኞ ሰርቨሩ ሲነሳ ቁጥሩ ሃያ ነው። ሦስት መቶ የሚባል ነገር እንደነበረ አያስታውስም፣ ማን እንደጻፈውም።

ባዶውን ካርቶን ቆሻሻ ገንዳው ላይ ትታ፣ ሰው ወደሚበዛበት መንገድ ታጠፈች።