ባለሦስት እግሩ ማጨሻ

«የበሩ መሣሪያ አይዋሽም! ትናንት ማታም ዛሬ ጧትም መጋዘኑን የከፈተው ያንተ ካርድ ብቻ ነው!» ዌይ ሼንግ የሽማግሌውን ዘበኛ ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል።

«ማታ ፈትሼ ዘጋሁ። ጧት ስከፍት አባትህን ወድቀው አገኘኋቸው። ሌላ ምን ልበልህ ልጄ?»

«ልጄ አትበለኝ፣ ነፍሰ ገዳይ!»

ኢንስፔክተር ካማላ መሃላቸው ገባች። ከኋላቸው፣ ለሾርባ የሚሸጠው የወፍ ጎጆ በተደረደረበት መጋዘን ውስጥ፣ ነጋዴው ኩ ጭንቅላታቸውን ተፈንክተው ተዘርግተዋል። ፔናንግ ውስጥ እንዲህ ያለ ክስ እስከ ስቅላት ሊያደርስ እንደሚችል ዘበኛው ፓክ ማንሶር ያውቃሉ፤ ግድግዳው ላይ ተደገፉ።

«በሩ ላይ ያለው የቁልፍ ቀዳዳ ለምንድን ነው?» አለች ካማላ።

«አባቴ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል ብለው ነው። የካርዱን መሣሪያ ሳስገጥም ግን አሮጌዎቹን ቁልፎች ሁሉ አስቀልጫለሁ» አለ ዌይ ሼንግ።

ካማላ የሟቹን ኪስ ፈተሸች፤ ከመሐረብ በቀር ምንም የለም። ወደ እህታቸው ልጅ ወደ ሱ ሊን ዞረች።

«አጎትሽን መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«ፓክ ማንሶር ዘግተው ከሄዱ በኋላ። ራት በልተን ወደዚህ ወረዱ።»

«ካርዳቸውን ይዘው?»

«እሳቸው? ‹ይሄ የአውቶቡስ ትኬት ነው› ብለው መሳቢያ ውስጥ ከጣሉት ቆዩ እኮ።» ልጅቷ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች።

ካማላ ከበሩ ውጭ፣ ወለሉ ላይ ካለው የምድር አምላክ መሠዊያ ፊት ጎንበስ ብላ ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ሱ ሊን፣ ይህ የዕጣን ማጨሻ እንዴት ነው የሚቀመጠው?»

«አንድ እግር ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ። በየጧቱ የማጨሰው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ብቻ ገና…» አፏን ያዘች። «ማነው ያዞረው?»

ካማላ ማጨሻውን አነሣችው። ከሥሩ ቁልፍ ነበር።

«ኩ የገቡት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ መሣሪያው ግን አልመዘገባቸውም። በዚህ ቁልፍ ገቡ ማለት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ቆልፎ ቁልፉን አይመልስም።»

«ታዲያ ዘበኛው ነዋ የመለሰው!» አለ ዌይ ሼንግ።

«ቁልፉ ሲደበቅ የሚወነጀለው ባለካርዱ ፓክ ማንሶር ነው። በገዛ አንገቱ ገመድ የሚያጠብቅ ማነው? ሱ ሊን ብትሆን ማጨሻውን አታዛባም። አንተ ግን እዚህ መሠዊያ ፊት ተንበርክከህ ታውቃለህ?»

ዌይ ሼንግ ቁልፉ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። ሲናገር ድምፁ የሕፃን ሆነ።

«ማታ ከዚህ ሲያወጣው አየሁት። ለዘበኛ ካርድ፣ ለጣዖት ቁልፍ… ለእኔስ? ስጠኝ አባባ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

ሱ ሊን እየጮኸች ደረቱን ደበደበችው። ፖሊሶቹ ተረባርበው አላቀቋቸው፤ አንዱ ካቴና ሲፈልግ ሌላው ውሃ አምጡ ይላል።

ፓክ ማንሶር ካርዳቸውን ከአንገታቸው አውልቀው በኩ ወንበር ላይ አኖሩ። ደፍ ላይ ጫማቸውን አጠለቁ፤ ኮሌታቸውን አቃኑና ወደ መንገዱ ወጡ።