ጣዝማ የሌለበት ጉድጓድ

አቶ ዋለ የተገኙት ከገበሬ ማኅበሩ የስንዴ ማሳ ዳር፣ ከተናደ አፈር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው። የፖሊስ መቶ አለቃ ሳህሉ ከሆሳዕና ተጠርቶ ዶዮገና ሲደርስ ነገሩ ለሁሉም ያለቀ ይመስል ነበር፤ ሽማግሌው የጣዝማ ማር ሊቆፍሩ ወጡ፣ አፈሩ ተጫናቸው፣ ሞቱ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጴጥሮስ ቃሬዛ አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«ቀናቸው ደርሶ ነው፣ መቶ አለቃ። ቶሎ ይቀበሩ» አለ።

ሳህሉ ሬሳ ቶሎ ይቀበር ሲባል ልቡ የሚጠረጥር ሰው ነበር። ተንበርክኮ የሟቹን እጅ ገለጠ። ጣቶቻቸው በማር ተጣብቀዋል፤ በጥፍራቸው ሥር የአበባ ብናኝ አለ፤ ቢጫ፣ ነጣ ያለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላም። በክብሪት ቀፎ አኖረው። ከዚያ እጁን ሬሳው አጠገብ ወደ ተቆፈረው የጣዝማ ጉድጓድ ሰደደ። ጣዝማ ማሯን የምታኖርባቸው የሰም እንክብሎች ባዶ ነበሩ፤ ሲነካቸው ተፈረካከሱ።

የሟቹ ምራት ጵርስቅላ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ እየሳለች አነጋገረችው።

«ለሳልሽ ጣዝማ ላምጣልሽ ብለው ነው የወጡት።»

«ከማን ጋር ይጣሉ ነበር?»

«ባለሱቁን ረሻድን ማር ላይ ስኳር ትቀላቅላለህ ብለው ገበያ መሀል አዋርደውታል። ከግብርናው ባለሙያ ከአሳምነውም ጋር ተጣልተው ነበር።»

«ከሊቀመንበሩስ?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባሌን ለብሔራዊ ውትድርና መልምሎ የላከው እሱ ነው። የራሱ ልጅ ግን ምልመላው ሲደርስ ጠፋ ተባለ። አባባ ግን ክፉ ተናግረውት አያውቁም።»

ረሻድ ከመደርደሪያው ጀርባ ዓይኑን ሰበረ። «አንጀቴ አርሮ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ለስድብ ብዬ ሽማግሌ ልገድል?»

አሳምነው ግን ጠቡን ራሱ አነሣው።

«ማሳውን ሁሉ ስንዴ ያስዘራሁት፣ አረሙ ላይ መድኃኒት ያስረጨሁት እኔ ነኝ። ‹ንቦቹን በረሃብ ፈጀሃቸው› ሲሉኝ ሳቅኩ። ባለፈው ወር ይዘውኝ ሄደው ያንን ጉድጓድ አሳዩኝ።»

«እና?»

«እውነታቸውን ነው። ንብ ከስንዴ የምትቀስመው ማር የለም። በየድንበሩ የነበረው የማገጥና የአደይ አበባ ጠፋ። ንብም እንደ ሰው ነች፤ ልዩ ልዩ ምግብ ካላገኘች እጯ ይቀጭጫል፣ በሽታም አትችልም። ያ ጎጆ ከሞተ ቆይቷል።»

«ዛሬ ብዙ ዓይነት አበባ ባንድ ላይ የት ይገኛል?»

አሳምነው ለአፈር ጥበቃ ወደ ታጠረው ተራራ አመለከተ።

ሳህሉ ወደ ጴጥሮስ ተመለሰ። «የታጠረው ተራራ ውስጥ ማን ይገባል?»

«ማንም። ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም። እኔ ራሴ ከክረምት ወዲህ አልረገጥኩትም።»

ሳህሉ ቁልፉን አልጠየቀም። መሰላል ተውሶ በአጥሩ ተሻገረ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማኅበሩ ቢሮ ሰበሰባቸው።

«አቶ ዋለ በእጃቸው ማር ነበር። የተገኙበት ጉድጓድ ግን ማር የለውም፤ ጎጆው መሞቱንም ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ስለዚህ የቆፈሩት ሌላ ቦታ ነው፤ ከዚያ ያመጣቸው ሰው አለ። አሳምነው ቢሆን፣ ባዶ መሆኑን እያወቀ እዚያ አያስተኛቸውም ነበር።»

የክብሪት ቀፎውን ከፈተ።

«ይህ ከጥፍራቸው ሥር የተገኘ ነው። አንድ አበባ ይህን ሁሉ ቀለም አይሰጥም። የታጠረው ተራራ ውስጥ፣ ከግራዋ ቁጥቋጦ ሥር፣ በቅርቡ የተደፈነ ጉድጓድ አገኘሁ። እንክብሎቹ ሙሉ ናቸው፤ ብናኙም ይኸው ራሱ ነው። የእሾህ አጥሩ የትም አልተጣሰም፤ ሬሳው የወጣው በበሩ ነው። ረሻድ ቁልፍ የለውም። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።»

«እኔ ለምን እገድላቸዋለሁ?» አለ ጴጥሮስ።

«ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ የሣር መኝታ አለ፤ አጠገቡም ያልደረቀ ቆጮ። ጠፋ ያልከው ልጅህ እዚያ ነው የሚያድረው። ሽማግሌው አዩት።»

ጴጥሮስ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። 

«ትናንት ለልጄ ምግብ ሳስገባ በሩን አልቆለፍኩትም፤ ጣዝማ ፍለጋ ገብተው አዩን። ለማንም አልናገርም ብለው ማሉልኝ። ልጃቸውን የወሰድኩባቸውን ሰው እንዴት ልመናቸው? ዘወር ሲሉ በዶማ መታኋቸው።»

«አባባ ዋሽተው አያውቁም» አለች ጵርስቅላ፤ ሳሏ እስኪያልፍላት ጠብቃ። «ባይምሉልህም አይናገሩም ነበር።»

ከሳህሉ ጋር የመጡት ፖሊሶች ጴጥሮስን ወደ መኪናው ሲወስዱት ጵርስቅላ ከኋላ ደረሰችበት።

«ለልጁ ዛሬ ምግብ ማን ወሰደለት?»

 «ማንም አልወሰደም» አለ ጴጥሮስ።

ቤት ገብታ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቀለለችና ወደ ተራራው አቀናች። አንድ ፖሊስ ሊከተላት ሲነሣ ሳህሉ ክንዱን ያዘው።

«ተዋት። እኛ የመጣነው ለሟቹ ነው» አለና ሞተሩን እንዲያስነሡ አዘዘ።