በተዘጋው ሱቅ ውስጥ የተቀደደው ጨርቅ

እኔ «ጂን አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ማታ ምን በልተህ ተኛህ?» ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ መርካቶ አሥራ ስምንት ዓመት ጨርቅ የሸጠ ሰው እንኳን የሰማውን፣ ያየውንም በእጁ ካልዳሰሰ አያምንም። ይሄኛውን ግን በእጄ ዳስሼዋለሁ።

ወንድሜ ሙክታር ክረምት ላይ፣ በሦስት ቀን ሕመም ሞተብኝ። አንዋር መስጊድ አጠገብ ያለችውን የጨርቅ ሱቃችንን አብረን ነበር የምንሠራባት። ሙክታር ጨርቅ ሲሸጥ መቀሱን ጫፉ ላይ ብቻ ነካ ያደርግና የቀረውን በሁለት እጁ ይቀደዋል፣ ጭርርር ይልና መጨረሻ ላይ አንዴ ሳብ፣ ጧ! ጎረቤቱ ሁሉ «ሙክታር ዛሬ ገበያ ቀንቶታል» የሚለው ያንን ድምፅ እየሰማ ነበር።

የሰባት ዓመት ልጁን ሂክማን ግን ማንም አላረዳትም። እናቷ ዘይነባ «አባትሽ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል» አለቻት። እስቲ አስቡት፣ ለነጋዴ ልጅ! ዕቃ ሊያመጣ የሄደ አባት ሁልጊዜ ይመለሳላ፣ ያውም ከረሜላ ይዞ። ልጅቷ የጭነት መኪና ጡሩንባ በሰማች ቁጥር እየበረረች መንገድ መሀል መግባት ጀመረች። አንድ ሐሙስ ሾፌሩ ፍሬን ባይዝ ኖሮ እሷንም ቀብረን ነበር።

የዚያን ቀን ወሰንኩ። ዘይነባ እግሬ ላይ ወደቀች።

«ትንሽ ትደግ፣ አላህን ፍሪ!»

«አላህን ስለምፈራ ነው። ነገ እነግራታለሁ፣ ከፈለግሽ ተቀየሚኝ።»

በማግስቱ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ለጁምዓ ሱቁን ቆለፍኩና ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፣ ይህቺን ልብ በሉልኝ። ወንዱ ሁሉ መንገዱን ሞልቶ ለሶላት ስለቆመ ያ የመርካቶ ጫጫታ ጭጭ ብሏል። ሂክማን በሩ ፊት ሳጥን ላይ አስቀምጬ እጆቿን ያዝኩ።

«ሂክማዬ፣ አባትሽ ዕቃ ሊያመጣ አልሄደም። ዋሽተንሻል። አባትሽ ሞቷል፣ የሞተ ሰው ደግሞ አይመለስም።»

አላለቀሰችም። ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝና ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ከተቆለፈው በር ውስጥ፣ ጭርርር... ጧ!

ወላሂ ሰማሁት። ከጎረቤት ነው እንዳልል ግራና ቀኜ ያሉት የሚሸጡት ድስትና ባልዲ ነው።

«ታዲያ ማነው የሚቀደው?» አለችኝ።

ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሳልከፍት ብሄድ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን በር ስትጠብቅ ልትኖር ነው፣ ስለዚህ እጇን ሳልለቅ ከፈትኩት። ሰው የለም። ባንኮኒው ላይ ግን ላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው ሰማያዊ ጣቃ ወርዷል፣ ከሱ የተቀደደ አንድ ቁራጭም አጠገቡ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ልክ ሙክታር በየዒዱ የቀሚሷን ጨርቅ እንደሚያጥፍላት።

«አባዬ ነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «አዎ» ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሱን አላውቅም» አልኳት። «አባትሽ መሞቱን ግን አውቃለሁ። ዐይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ጮኻ አለቀሰች፣ እኔም አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ። ማታ ቤት ስንገባ ዘይነባ የልጇን ፊት አይታ ሁሉ ነገር ገባት፣ እናትና ልጅ ተቃቅፈው እስኪወጣላቸው ተላቀሱ። ከዚያ ወዲያ ሂክማ ለጡሩንባ ሮጣ አታውቅም፣ ስለ አባቷ ሲጠይቋትም «ሞቷል» ትላለች፣ ስትፈልግ ታለቅሳለች፣ ስትፈልግ ስለሱ አውርታ ትስቃለች።

የቸገርኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ሱቁን ቆልፌ መሄድ ሲገባኝ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። ባለፈው ሂክማ መጥታ ቀሚሴን ጎተት አደረገችኝ።

«አክስቴ፣ የሞተ ሰው አይመለስም ብለሽኝ የለ?»

«ብያለሁ» አልኳት፣ ጆሮዬን ግን ከበሩ አላነሳሁም።