አልጠብ ያለው ቀሚስ

አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ባሏና አንዲት ልጃቸው በአንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። የክፍሉን እኩሌታ የስፌት መኪናው ይዞታል፤ በመስኮቱ በኩል የደንበኛ ጨርቅ ተቆልሏል፤ ከበሩ ኋላ የባልየው ዱቄት የጠገበ ካፖርት ተንጠልጥሏል። ልጅቷን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። አባቷ «ጥያቄ» ብሎ አወጣላት፤ አፏን በከፈተች ቁጥር የሚወጣው እሱ ነበርና። ያን ሰሞን ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ ዋናው ከተማ አክስቷ ቤት ሊሄዱ መሆኑን ሰምታ መላወሻ አሳጥታቸዋለች።

«አባዬ፣ ሊፍት ሲወጣ ሆድ እታች ይቀራል?»

«የኔ አልቀረም። ያው እዚሁ ሆኖ ይጮኻል።»

«አክስቴ ያለችው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?»

«መጨረሻው ላይ። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ እሷን ነው የሚያገኛት።»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። እናትየው ግን አልሳቀችም። አክስትየው ባለፈው ዓመት ልትጠይቃቸው መጥታ፣ የልጅቷ እጅጌ አጥሮ ወደ ክርኗ ሰብሰብ ብሎ ብታየው፣ «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ! እናቷ ልብስ ሰፊ ሆና ይቺ ልጅ የማንን ልብስ ነው የለበሰችው?» ብላ በሰው ፊት ከት ብላ ስቃ ነበር። ተናጋሪዋ እዚያው ረሳችው፤ የሰሚዋ ጉሮሮ ላይ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ። እናም ልብስ ሰፊዋ ማለች፦ ልጇ የከተማ ልጅ የሚቀናበት ቀሚስ ሳትለብስ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ የለም!

ከጥሩ ጨርቅ፣ ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ቆረጠችላት። ይህች ሴት በሙያዋ የታወቀች ናት። ሜትር አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ለወጉ ነው፤ ደንበኞቿ «ሜትሯ ዓይኗ ነው» ይሏታል። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ግን ወገቡ ላይ ሰፋ። «ምነው እቴ፣ ዓይኔ ከዳኝ?» ብላ ተረተረችና አጠበበችው። መሄጃቸው ሲቃረብ ዳግም ብታለብሳት፣ እንደገና ሰፍቷል! አሁን ትከሻውም ወርዷል።

«በቃ እንሂድ፤ ልጅቷ ጓጉታለች» አለ ባልየው።

«ከረጢት አልብሼ? እህትህ ዳግም እንድትስቅብኝ?»

ጉዞው ተላለፈ። ከዚያም ሌላ ጊዜ ተላለፈ። ልጅቷ ግን በዚያ ሁሉ መሐል ውሃ ትጠጣ ነበር። እንስራውን ደጋግማ ታጋድላለች፤ አባቷ «አንቺ ልጅ፣ ወንዙን ለዓሣዎቹ ተይላቸው እንጂ!» እያለ ይቀልዳል። እንደ ልማዷ ትበላለች፤ አልፎም ትጨምራለች። ትልቅ ልጅ ሆና አልጋ አረጠበችና አፍራ አለቀሰች። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳትፈታ ትተኛ ነበር። ጥያቄዋም ቀነሰ። ይህ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሚወዷት ሁለት ሰዎች ዓይን ሥር ሆነ! እናትየው መርፌ በጥርሷ ነክሳ በልጇ ወገብ ዙሪያ ስትንበረከክ ምን ታይ ነበር? ጨርቁን! የተሳሳተ እጇን! በጨርቁ ውስጥ የቆመችው ልጅ እንደ ሻማ እየቀለጠች መሆኗን እንዴት ሳታይ ቀረች? ይሉኝታ የሚባለው ክፉ በሽታ መጀመሪያ የሚያጠፋው ዓይንን ስለሆነ ነዋ!

በመጨረሻ ቀሚሱ ልክ ሆነና ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ውስጥ ልጅቷ ደጋግማ አስመለሳት። «መኪና አዙሯት ነው» አሉ ጎረቤት ተቀማጮች፤ እናትየውም ቀሚሱ እንዳይበላሽ በነጠላዋ ከለለችው።

አክስትየው መናኸሪያ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። እናትየው ከመውረዷ የልጇን አንገትጌ አቃናች፤ ወደ ፊት ገፋ አደረገቻትና ያን የጓጓችለትን ቃል ጠበቀች። አክስትየው ቀሚሱን ዞር ብላም አላየችው። በጉልበቷ ተንበርክካ የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?»

«እ... እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ እትዬ።»

«የምን ስፌት ታወሪኛለሽ! ልጅቷ አልቃለች እኮ! ትንፋሿ ምን ምን ይላል? አንቺ ሴት፣ ዓይን የለሽም?»

በደረሱበት ሆስፒታል ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ ጠየቀ። ውሃ ትጠጣለች? አዎ። ሽንቷ ይመላለሳል? አዎ። ከስታለች?

«ኧረ አልከሳችም ዶክተር... ቀሚሱ ነው የሚሰ...»

የእናትየው እጅ ወደ አንገቷ ሄዶ ሜትሩን ያዘ። ያኔ አወቀች። ባልየው ሊደግፋት ቢሞክር ሁለቱም አብረው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

የስኳር በሽታ ነበር። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት በመርፌ ትኖር ነበር። አሁን ደሟ ተመርዟል፤ የምንችለውን እናደርጋለን» አለ ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከእነሱ አሽሽቶ። በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰዷት። የብረቱ በር ተዘግቶ ሳጥኑ ሲንቀሳቀስ፣ ልጅቷ በከባድ ትንፋሽ መሐል ዓይኗን ገለጠች።

«እማዬ... ሊፍት ነው?»

«ሊፍት ነው፣ የኔ ዓለም።»

«ሆዴ... አብሮኝ መጣ» አለችና ፈገግ አለች።

ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀችም። ሲነጋ አረፈች።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ በፌስታል የተሰጣትን ቀሚስ እናትየው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ያጠበበችበትን ስፌት ሁሉ አንድ በአንድ ተረተረች። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ እጥፍ በእጥፍ ተከፈተ፤ ቀሚሱም መጀመሪያ ወደ ቆረጠችው ልክ ተመለሰ። ከዚያ ለትምህርት ቤት የሰፋችላትን ያምናውን ቀሚስ አምጥታ ላዩ ላይ አነጠፈችው። አዲሱ የበለጠው አንዲት ጤነኛ ልጅ በዓመት የምታድገውን ያህል ብቻ ነበር። ዓይኗ አልተሳሳተም! ለካ ከመጀመሪያውም የቆረጠችው ልክ ነበር፤ ያነሰችው ልጅቷ ናት! ያኔ የጮኸችው ጩኸት ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተሰማ ይላሉ።

ለቀስተኞቹ «ዕጣዋ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሏት። ዕጣ! ለስንፍናችንም፣ ለኩራታችንም፣ ለፌዛችንም ዋስ የምንጠራው ይህን ምስኪን ዕጣ ነው! ሞት የሁላችንም ነው፤ ይህችን ልጅ ግን ከሐኪም ያዘገያት የአንዲት ሴት ሳቅና የሌላዋ እልህ ነበር። አክስትየው ያን ሳቋን እስከ ዛሬ በእንባ ታጥባለች፤ አልጠራላትም።

ልብስ ሰፊዋ አሁንም ትሰፋለች። በቀደም አንዲት ጎረቤት የልጇን ጉርድ ይዛ መጣች። «ወገቡ ሰፋባት፤ ትንሽ አጥብቢልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መኪናውን አቆመች። ጉርዱን ሳትነካ መለሰችላት።

«ጨርቁን አልፈልግም፤ ልጅቷን አምጪልኝ፣ ፊቷን ልየው።»