የሉብና ዳማ

ሉብና በዳማ የምትሸነፍ ልጅ አልነበረችም። አዳማ ውስጥ አራት ወንድሞቿን በሚሪንዳ ቆርኪ እያስለቀሰች ነው ያደገችው።

የሰፈሩ ሴቶች ሶማሊያ ለዘመቱት ወታደሮች መዝናኛ ክበብ በሶና ቆሎ ሲያዘጋጁ፣ እሷ ከምትሠራበት ልብስ ፋብሪካ በለመነችው ቁርጥራጭ ሁለት አንድ ዓይነት የዳማ ገበታ ሰፋች። ለቤቶቹም ቁጥር ሰጠች። ከስንቁ ጋር ከላከችው ጀርባ ስልክ ቁጥሯን ጽፋ «ወንድ የሆነ ይደውል!» አለችበት። ጉድ እኮ ናት!

ደሊል የሚባል የአርሲ ልጅ ደወለ። እሱ ከክበቡ ቁጥር ይጠራል፣ እሷ ቤቷ ባስቀረችው ገበታ ላይ ቆርኪ ታንቀሳቅሳለች። ሁለቴ አሸነፈችው።

«አሁን ካሸነፍኩሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት በሦስተኛው።

«እኔ ካሸነፍኩህስ?»

«ሁለተኛ አልደውልም።»

«እሺ!» አለች። ምነው ያኔ ምላሷን በያዘላት!

ጨዋታው መሐል ላይ ደሊል ተጣደፈ። «ግዳጅ መጣብኝ፤ ገበታው እንዳለ ይቆይ። ተራው ያንቺ ነው» ብሎ ዘጋ።

ሉብና ገበታውን አየችው። አንዲት ቆርኪ ብትገፋ አለቀለት።

አሥራ ሰባት ቀን ጠፋ። ፋብሪካ እጅጌ ገልብጣ እየሰፋች አለቃዋን አሳበደች። ስልኳን ይዛ ከበር ሳሎን፣ ከሳሎን በር ትመላለሳለች።

«ቁንጫ ገባብሽ እንዴ?» አሉ እናቷ ወይዘሮ ሀጂራ።

«ተራው የኔ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ተጫወቺዋ!»

ካሸነፈች ታጣዋለች። ደግሞስ በሕይወት አለ?

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ስልኩ ጮኸ። ከጀርባው የወታደር ሁካታ ይሰማል።

«እህቴ፣ ኃይለየሱስ እባላለሁ፣ የክበቡ ኃላፊ። ይህን ገበታ ማንም እንዳይነካው ስጠብቅ ከረምኩ። ልጁ በሰላም ተመልሷል፤ በይ ገላግይን!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«ሉብና፣ ተራሽ ነው» አለ ደሊል በደከመ ድምፅ።

ማሸነፊያዋ ቆርኪ እዚያው አለች። ሉብና ሌላዋን አነሳች።

«ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ስምንት።»

ክበቡ ተናወጠ። «ብላ! ሦስቱንም ብላ!» ይላሉ ወታደሮቹ።

«አይተሻታል» አላት ደሊል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማሸነፊያዋን አይተሻታል አይደል?»

«አባቴ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤት ነው» አለችው። «ሽማግሌዎችህ እንዳይዘገዩ።»