የካሣን ጣቶች ያሰረው ክር

ካሣ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ተንጋሎ ተገኘ። ማጅራቱ በድንጋይ ተመትቷል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ የእግሮቹ አውራ ጣቶች አንድ ላይ ታስረዋል።

«አስሮ ነው የገደለው!» አለ ሰፈሩ። የሁሉም ዓይን ወደ ሂርሲ ዞረ። ሂርሲ ከመልካ ጀብዱ በግመል እንጨት የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ በዋዜማው ከካሣ ጋር ገበያ ላይ ተሰዳድቧል።

መርማሪው መቶ አለቃ ጉግሳ የካሣ እናት በለጠች ሳትደርስ ክሩን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። በለጠች ደረቷን እየደቃች ስትመጣ ጠየቃት።

«ልጅዎን ማን ገነዘው?»

«ማን ይገንዘው? እንደ ውሻ ብቻውን ወድቆ!»

ቀብራ ስትመለስ ቢላዋ በመቀነቷ ሸጎጠች። «ደሙን ሳልመልስ እህል አልቀምስም» ብላ ማለች። እጇን ይዞ የሚያጽናናት አለምብርሃን ነበር፤ ወላጅ አልባ ሆኖ ከካሣ ጋር ያሳደገችው፣ ከወህኒ ገና የወጣው።

በማግሥቱ ጉግሳ ሂርሲን ይዞ ለቅሶው ድንኳን ገባ። በለጠች ቢላዋዋን መዛ ተወረወረች።

«በጃንሆይ አምላክ!» አለ ጉግሳ። እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ሆዮ፣ እናቴ፣ ወላሂ አልገደልኩትም!»

«አንተ ግመል ጎታች!»

«አቦ፣ ግመል ጎታች ነኝ እኮ! ሰው ላስር ብል ቁርጭምጭሚቱን ነበር የምጠፍረው። በዚያች ክር እንኳን ሰው ዶሮም አይታሰርም!»

«እውነቱን ነው» አለ ጉግሳ። «ካሣ የታሰረው ሊገደል አይደለም፤ ከሞተ በኋላ ነው። ዓይኑን ከድኖ ጣቱን ማሰር ግንዘት ነው። ገዳዩ ይወደው ነበር ማለት ነው። ክሩ ደግሞ ላብ የጠጣ ማተብ ነው። የካሣ ማተብ አንገቱ ላይ ነበር፤ ሂርሲ ማተብ አያስርም። አለምብርሃን፣ ያንተ ማተብ ለምን አዲስ ሆነ?»

«አሮጌው... ተበጠሰ።»

ጉግሳ ክሩን ከኪሱ አወጣ። በለጠች አየችው። ፈትላ፣ ገምዳ፣ በሕፃንነቱ አንገቱ ላይ ያሰረችለት ራሷ ነበረች። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

አለምብርሃን ተንበረከከ። «ወህኒ የገባሁበትን ጨርቅ ከሱቅ የሰረቀው ካሣ ነበር። በሐሰት መስክሮ አሳሰረኝ። ወህኒ ደጅ የሁሉም እናት ስንቅ ይዛ ስትጠራ የእኔ አልተጠራችም። እማዬ፣ አንቺም ሌባ ነው ብለሽ ቀረሽ። ቂም የተማርኩት እዚያ ነው። ሲወድቅ ግን ዓይኑ ፈጦ አየኝ፤ ወንድሜን ሳልገንዝ መሄድ አቃተኝ።»

«ሌባ ያልሆነ ሰው አስገባን፤ ነፍሰ ገዳይ አወጣን» አለ ጉግሳ በዝግታ። ለቅሶ የተቀመጡት የበለጠች ነፍስ አባት አንገታቸውን ደፉ። «ታስሬ አልጠየቃችሁኝም ይለናል ጌታ» አሉ።

«የሟች እናት ነዎትና ዳኛው ቃልዎን ይጠይቃል» አለ ጉግሳ። «ይሰቀል ይላሉ?»

በለጠች የወደቀውን ቢላዋ አየች። ካሣ ዋሽቷል፤ እሷም ውሸቱን አምናለች። ቢሆንም ልጇ አፈር ውስጥ ነው።

«አልልም» አለች በመጨረሻ። «ሞት ዕረፍት ነው። ይኑር። ስንቁን እኔ አመጣለታለሁ፣ በካሣ ሳህን። እያንዳንዷን ጉርሻ ዓይኔን እያየ ይዋጣት።»

«እማዬ፣ ይስቀሉኝ!» ብሎ አለምብርሃን እግሯ ላይ ተደፋ። ጉግሳ ምሕረት ይሁን በቀል መለየት አቃተው። እሷም አላወቀችውም።

እሑድ ጠዋት በወህኒው ደጅ ሳህኗን አቅፋ ቆመች።

«የማን እናት ነሽ?» አለ ዘበኛው።

በለጠች ጥርሷን ነከሰች።

«የአለምብርሃን።»