ከታች የሚመታው

«እስቲ ተማሪ፣ ንገሪኝ» አለ አባቷ።

በአባቷ ጋራዥ ግቢ ሞተሩ እየሠራ ነው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ገና መግባቷ ስለሆነ የደንብ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ አሳርፋ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አጎንብሳለች። ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጠው መሆኑ ነው።

ባለአራት ጎማዋ ሞተር የነርሷ ናት። ነርሷ መኪና የማይወጣውን አቀበት በእሷ ትወጣለች፤ የክትባት ሳጥኗን ከኋላ አስራ ማዶ ያሉትን መንደሮች ታዳርሳለች። ሞተሯ ግን ሰሞኑን የማያምር ድምፅ አምጥታለች።

ላይ ላዩን ሲያዳምጡት ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሰንሰለት ሲላላ የሚያሰማው መንኳኳት። ልጅቱ ካቻቢቴውን ወደ ታች አወረደችው። እዚያ ሌላ አለ። ነዳጅ ተሰጥቶ ለቀቅ ሲደረግ ብቻ የሚመጣ፣ ወፍራም፣ ድፍን ያለ ምት። የተቆለፈበት ሰው በሩን ከውስጥ በቡጢ የሚመታ ይመስላል።

«እኔስ ሰንሰለቱ መስሎኛል» አለ አባቷ አጠገቡ ለቆመችው ነርስ። «ልጄን ልፈትናት ብዬ ነው እንጂ።»

«ሰንሰለት ከሆነ ለሐሙስ ይደርስልኛል?»

«ነገ ከሰዓት ይውሰዷት።»

«ሌላ ነገር ቢሆንስ?»

«ከታች ከሆነማ ሞተሩ ወርዶ ለሁለት ይከፈላል። ሦስት ሳምንት ይበሉት።»

«ኧረ ይቅርብኝ» አለች ነርሷ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቹን ማን ሊከትብልኝ ነው?»

ሁለቱም ልጅቱን አዩዋት።

«ሰንሰለቱ ነው» አለች።

«ልክ ነሽ» አለ አባቷ።

ሰፈሩ አባቷን የሚጠራው ባለጆሮው እያለ ነው። ድሮ ሻይ እየጠጣ፣ ቀና ሳይል፣ በመንገድ የሚያልፈውን መኪና «አንዷ ካንዴላ ሞታለች» ይል ነበር። ባለመኪናው ዞሮ ሲመጣ እውነትም አንዷ ሞታ ትገኛለች። ፈተናውን የጀመረው ልጅቱ አሥራ ሦስት ሲሞላት ነው። ሞተር ያስነሳል፣ ካቻቢቴውን ያቀብላታል፣ ንገሪኝ ይላል። ትናገራለች። ልክ ነሽ ይላል። ጎበዝ ሆንኩ ብላ ደረቷን ነፍታ ነበር።

አምና ግን አንድ የውኃ ፓምፕ መጣ። ልጅቱ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለነበር አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች። ልክ ነሽ አላት። የተናገረችውን ቦታ ከፈተ፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ፈለገ፤ ምንም የለም። አንድ ቃል ሳይወጣው መልሶ ገጠመው። ያን ቀን ነው የገባት። የተሳሳተ መልስ ልክ ነው የሚል መምህር ወይ ይጠላሻል ወይ መልሱን አያውቀውም። አባቷ ደግሞ አይጠላትም።

ከዚያ ወዲህ ልብ ማለት ጀመረች። ሰው ሲያወራው ዓይኑ ከንፈር ላይ ነው። ከኋላው ቢጠሩት አይዞርም። የጎረቤቱ በያጅ ከአጥር ማዶ ሲቀልድበት ቀድማ የምትመልስለት እሷ ናት። ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም። ከአባቷም ጋር አንስተውት አያውቁም።

ሰንሰለቱ ነው ብላ ለምን እንደዋሸች ለራሷም በደንብ አልገባትም። ሰው ፊት አባቷን ተሳስተሃል ማለት ሼም ነው። ነርሷም ሰንሰለት እንዲሆንላት ለምናለች ማለት ይቻላል። ደግሞስ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጆሮ ቢሳሳትስ?

በማግስቱ የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ጠመኔው ይመታል። እሷ የምትሰማው ግን የትናንቱን የታች ምት ነው፤ የቢዬላ ምት። ቁልቁለት ላይ ቢዬላ ቢሰበር ምን እንደሚሆን ያስተማራት ራሱ አባቷ ነው። ቢዬላ ማለት ፒስተኑን ከሥር ካለው ዘንግ የሚያያይዘው ክንድ ነው። እሱ ከተሰበረ ሞተሩ ባለበት ነክሶ ይቆማል፣ የኋላ ጎማዎቹ ይቆለፋሉ፣ የተቀመጠው ሰው ወደፈለገው ሳይሆን ቁልቁለቱ ወደፈለገው ይሄዳል።

ከሰዓት ልጅቱ ስትደርስ ነርሷ ኮርቻው ላይ ወጥታ የራስ ቁሯን እያሰረች ነው። ሞተሩ ተነስቷል። አባቷ ሳጥኑን ከኋላ በገመድ ይጠፍራል።

«እንደ ስፌት መኪና ሆናለች» አለ።

ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቷል። እሱ ሲጠፋ ወፍራሙ ራቁቱን ቀርቷል። ለመስማት ካቻቢቴ አላስፈለጋትም።

«ነገ ያቺን አዲሷን ልጅ ከኋላ ጭኜ ነው የምወጣው» አለች ነርሷ። «ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነው፤ እንዳላስደነግጣት።»

«አባዬ» አለች ልጅቱ ከኋላው ቆማ። «ከታች ይመታል።»

ነርሷ ሰማች። አባቷ ገመዱን መሳብ አላቆመም። ነርሷ አንዴ ልጅቱን አንዴ አባቷን አየች።

ልጅቱ እንደ ልማዷ ዞራ ፊቱ ቆማ በለሆሳስ ልትነግረው ትችል ነበር። ፈገግ ብሎ፣ ዓይኑን በነርሷ በኩል አሳልፎ፣ ኋላ እናያለን ይላታል። ነርሷም ትሄዳለች። ልጅቱ እጇን ዘርግታ ቁልፉን አጠፋችው።

«ምነው?» አለ አባቷ ቀና ብሎ።

«ከታች ይመታል። ትናንትም ሰምቼው ነበር። ዋሸሁ።»

«ሰንሰለቱንማ ቀየርነው እኮ» አለ።

አልሰማትም። ልጅቱ አየር ሳበች፤ ከሜዳ ማዶ ሰው በምትጠራበት ድምፅ፣ ቃል በቃል፣ «ቢዬላው ነው አባዬ። ከታች። ዋሽቼሃለሁ» አለችው።

ግቢው ሁሉ ሰማ። በያጁ መዶሻውን አቆመ። አባቷ ፊት ላይ የመጣው ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ተንበረከከ፣ ሳፋውን ከሥር አስገባ፣ የዘይቱን ቡሎን ፈታ። ሰንሰለቱ ሲቀየር የገባው አዲስ ዘይት ጠቁሮ ወረደ። በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ወደ ፀሐይ ያዘው። ጣቶቹ መሐል የብረት ብናኝ አብለጨለጨ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አላት ሳያያት።

ስለ ሞተሩ እንዳልጠየቃት ገብቷታል። ዞራ ፊቱ ተቀመጠች።

«ከፓምፑ ጀምሮ።»

«ዓመት ሊሞላው ነው» አለ። ጣቱን በጨርቅ ጠረገና ተነሳ። «ሲስተር፣ እኔ ይህን ድምፅ አልሰማሁትም። ድምፅ ደህና አድርጌ ከሰማሁም ቆይቻለሁ። ሰንሰለት ብሎ ያሳሳተዎ የእኔ አፍ ነው።»

«የእኔም ነው» አለች ልጅቱ።

ነርሷ የራስ ቁሯን ፈታች። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እንዲሁ ብሄድስ? ለሐሙስ ብቻ?»

አባቷ ወደ ልጅቱ ዞረ። የነርሷ አፍ ወደ መሬት ስለነበር አልያዘውም። ልጅቱ ደገመችለት።

«መውጣቱን ትወጣ ይሆናል» አለ። «መውረዱን አላውቅም። የእኔ ልጅ ቢሆኑ አላስነሳዎትም።»

«ዓይንዎስ ደህና ነው?»

«ዓይኔ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ክፈቷት» አለች ነርሷ ከኮርቻው እየወረደች። «ሐሙስ በእግሬ እወጣለሁ። አዲሷም ልጅ እግር አላት።» ሳጥኑን ከገመዱ አላቃ በትከሻዋ አንጠለጠለችና ወጣች። የተቆጣች መሆን አለመሆኗ አልታወቀም።

አባቷ ማሽኗ ሥር ገባ።

«አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ» አለ ከሥር እጁን ዘርግቶ።

ልጅቱ ፈለገች። የለም። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ያያታል። ሌላ ቀን ቢሆን እሱ እንዳይሰማ አጎንብሳ ለአባቷ ፊት ለፊቱ በለሆሳስ ትነግረው ነበር።

ቆመች። በያጁን ደህና አድርጋ አየችው።

«አባዬ፣ አሥራ አራት ጠፍቷል፤ በክብ ቁልፍ ይሆንልሃል?» አለች፤ ድምጿን ሳትቀንስ።